ጥሎን የሄደ ሲጣል

ቤቱን ጥሎ የሄደ ባል በሄደበት ቤትም ተጣልቶ ሲወጣ፣ በመጀመሪያው ቤት ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱ ዘመድ «ድሮም ብለን ነበር» ይላል። ሌላው «ምን ያድርግ፣ እነሱ ቤት ማን ይበረክታል?» ይላል። አንዲት አክስት ቡናውን እየቀዱ «ይበለው!» ብለው ነገሩን ይቋጩታል። ጉዳዩ በእርግጥ የሚመለከታት ሴት ግን ጥግ ይዛ ምንም አትልም፤ ሲኒዋን ታዞራለች። የእግር ኳስ ደጋፊ የቀድሞ አሰልጣኙ ከሌላ ክለብ ሲባረር የሚገጥመው ክርክር ከዚህ አንድ ስንዝር አይርቅም። ልዩነቱ ቡናው በቢራ መተካቱና ዘመድ አዝማዱ 40 ሺህ ያህል መሆኑ ነው።

ይህን ክርክር ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ሰው ከሁለት አንዱን ይላል። አንደኛው፣ ሥራ ፈትነት ነው ይላል፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የገዛ ክለቡ የደረጃ ሰንጠረዡ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የሌላ ክለብ ቅጥርና ስንብት ምን አገባው? ሁለተኛው ነገሩን ከፍ አድርጎ፣ ደጋፊው የአሰልጣኙን ብቃት እየመዘነ ነው፣ ይህ የሙያ ክርክር ነው ይላል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ደጋፊው ስለ ሰውየው የሚከራከር ይመስለዋል እንጂ የሚከራከረው ስለ ገዛ ዕድሜው ነው። ከዚያ ሰው ጋር ያሳለፋቸው ዓመታት ስንት ያወጡ እንደነበር፣ ያኔ ያጨበጨበው ከልቡ ይሁን ሌላ አጥቶ፣ ዘግይቶ ዋጋ እያስተመነ ነው። ስለዚህም በክርክሩ የሚረታው ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ሐሳብ አይደለም፤ ያለፉትን ዓመታት ዋጋ እምብዛም የማያረክሰው ሐሳብ ነው። ለዚህ ከነሙሉ ማስረጃው የሚቀርብ አንድ ጉዳይ አለ፤ የኤቨርተን ደጋፊዎችና የዴቪድ ሞይስ ጉዳይ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ሊጉ የእነሱ ነው፤ የቀን መቁጠሪያውም ይሁንላቸው።)

ሞይስ በመጋቢት 2002 ኤቨርተንን ሲረከብ የ38 ዓመት ሰው ነበር። ክለቡ የመውረድ ስጋት አንገቱን ይዞታል። ይህ ፊቱ የማይፈታ ስኮትላንዳዊ በመጣበት ቀን ኤቨርተንን «የሕዝብ ክለብ» ብሎ ጠራው፤ የከተማውን ሌላኛውን ክለብ፣ ሊቨርፑልን፣ ስሙን ሳይጠራ ሰደበው ማለት ነው፤ ሕዝቡም ለዚህ ወደደው። ከዚያ 11 ዓመት ቆየ። 518 ጨዋታ መርቶ 218ቱን አሸነፈ። በ2005 ቡድኑን አራተኛ አድርጎ ጨረሰ። ሲመስ ኮልማንን ከአየርላንድ በ60 ሺህ ፓውንድ አመጣ፤ በዚያ ገንዘብ ዛሬ ለአንዳንድ ተጫዋች የአንድ ሳምንት ደመወዝ እንኳ አይሸፈንም። በ2009 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ሉዊ ሳሃ ገና በ25ኛው ሴኮንድ ጎል አገባለትና የኤቨርተን ሰው ዋንጫ አሸተተው። ማሽተት ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ቼልሲ 2 ለ 1 አሸነፈ። በ11 ዓመት አንድም ዋንጫ የለም። በሊጉ ደግሞ የማንችስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ፣ የሊቨርፑሉ አንፊልድ፣ የቼልሲው ስታምፎርድ ብሪጅና የአርሰናል ሜዳ ሄዶ አንድ ቀን እንኳ አሸንፎ አልተመለሰም። ከትልልቆቹ ጋር መግጠምን ራሱ ሞይስ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ቢላ ይዞ እንደመውጣት መስሎት ያውቃል። ይህች ንግግሩ ኋላ ላይ ጣጣ ታመጣበታለች።

በ2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከ26 ዓመት በላይ ከቆዩበት ማንችስተር ዩናይትድ ሲሰናበቱ ወንበራቸውን እንዲረከብ ያጩት ሞይስን ነው። የስድስት ዓመት ውል ተፈረመ። ግንቦት 12 ቀን 2013 ሞይስ ለስንብት በኤቨርተን ሜዳ፣ ጉዲሰን ፓርክ፣ ቆሞ ኤቨርተን ዌስትሃምን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለቱንም ጎል ያገባው ራሱ ያስፈረመው ኬቪን ሚራላስ ነው። ስታዲየሙ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። እስከዚህ ድረስ መለያየታቸው የሚያስቀና ነበር። ያበላሸው ሰውየው የልጆቹን ዕቃ ሊወስድ መመለሱ ነው። በነሐሴ ወር ዩናይትድ ማርዋን ፌላይኒንና ሌይተን ቤይንስን ለሁለቱ አንድ ላይ 28 ሚሊዮን ፓውንድ ብሎ ጠየቀ፤ ኤቨርተን «ስድብ ነው» ብሎ በአደባባይ መለሰለት። ሞይስ በበኩሉ እኔ የኤቨርተን አሰልጣኝ ብሆን ኖሮ ልጆቹ እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣላቸው እንቅፋት መሆን ይከብደኝ ነበር የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናገረ። እንዲህ ያለውን አነጋገር በአገራችን ሽማግሌም አያበርደው። ፌላይኒ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በውሉ ላይ በሰፈረው 23.5 ሚሊዮን ፓውንድ መሄድ ይችል ነበር። ሞይስ ያችን ቀን አሳልፎ፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት በ27.5 ሚሊዮን ወሰደው። አምስት ዓመት ያሠለጠነውን ልጅ አራት ሚሊዮን ፓውንድ ጨምሮ የገዛ ሰው ነው እንግዲህ። የኤቨርተን ደጋፊ በዚህ ይናደድ ወይስ ይሳቅ፣ ለመወሰን ጥቂት ጊዜ ሳይወስድበት አልቀረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዓመት ለዩናይትድ ሰው መራራ፣ ለኤቨርተን ሰው ደግሞ እንግዳ የሆነ ጣፋጭ ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን ኤቨርተን ኦልድ ትራፎርድ ሄደ። ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ብራያን ኦቪዬዶ አገባና 1 ለ 0 አለቀ። ኤቨርተን በዚያ ሜዳ በሊጉ ካሸነፈ 21 ዓመት አልፎት ነበር። ሞይስ 11 ዓመት ሙሉ ሲመኛት የኖራትን ድል በዓይኑ አያት፤ በወዲያኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ። የካቲት ላይ ደግሞ በሰንጠረዡ ግርጌ ያለው ፉልሃም መጣ። ይህን ጨዋታ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ዩናይትድ በ90 ደቂቃ ውስጥ ከ80 በላይ ኳስ ከመስመር ወደ ሳጥን አሻገረ፤ በየደቂቃው አንድ ያህል መሆኑ ነው። ኳሷ ከቀኝ ትሻገራለች፤ ረጃጅሞቹ የፉልሃም ተከላካዮች በግንባራቸው ያወጧታል፤ ከግራ ትመለሳለች፤ አሁንም ያወጧታል። ዳን በርን የተባለው ተከላካይ ከታችኛው ሊግ ከወጣ ወዲህ ይህን ያህል ኳስ በግንባሩ መትቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ዩናይትድ እንደምንም ሁለት አግብቶ ሲመራ በተጨማሪው ሰዓት ዳረን ቤንት አቻ አደረገው። የዩናይትድ ደጋፊ «ይህ ምን ዓይነት ኳስ ነው?» ሲል የኤቨርተን ደጋፊ ግን አልገረመውም፤ ያውቀዋል። ለዓመታት ቤይንስ ከግራ መስመር ሲያሻግር እያየ ያጨበጨበለት ኳስ ነው። አንድ ዓይነት ወጥ በአንዱ ቤት «እጅ ያስቆረጥማል» ሲባል፣ በሌላው ቤት «ዛሬም ሽሮ?» ይባላል።

መጨረሻው ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሆነ። ሚያዝያ 20 ቀን 2014 እሑድ ነበር፤ በዚያ ዓመት የእኛም የእነሱም ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ስለነበር፣ በአዲስ አበባ ጾም የፈታው የዩናይትድ ደጋፊ ዶሮውን ሳያጣጥም አመሸ። ቤይንስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ ሚራላስ ደገመ፤ 2 ለ 0። ሁለቱም ሞይስ ራሱ የገዛቸው ናቸው። ከሞይስ ወንበር ጀርባ አንድ ሰው ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ቆቡን እስከ ፊቱ ደፍቶ፣ ማጭድ ይዞ ተቀምጧል። በእኛ ዘንድ መልአከ ሞት የሚታወቀው በሰይፍ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ግን ነፍስም እንደ ገብስ ትታጨዳለች። በዚያ ሽንፈት ዩናይትድ የቻምፒየንስ ሊግ ተስፋው አከተመ፤ ተስፋው ካከተመ ደግሞ ክለቡ የሚከፍለው ካሣ የአንድ ዓመት ብቻ እንዲሆን ውሉ ይፈቅድ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ማክሰኞ ዕለት ስንብቱ ታወጀ። የእኛ ቀን መቁጠሪያ ያንን ማክሰኞ ቶማስ ይለዋል፤ ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው ሐዋርያ መታሰቢያ ነው። እሑድ ጾም ተፈታ፣ ማክሰኞ ሞይስ ተፈታ። 51ኛ ዓመት ልደቱ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ የኤቨርተን ደጋፊዎች ክርክር እዚህ ይጀምራል፤ ያውም ከራሳቸው ሜዳ ሸኝተው አጭደው በጣሉት ሰው ላይ። የመጀመሪያው ወገን «ድሮም ብለን ነበር» የሚለው ነው። ማስረጃው ባዶ አይደለም፦ ዋንጫ የለም፤ በአራቱ ትልልቅ ሜዳዎች አንድ የሊግ ድል የለም፤ ያቺ የቢላና የጠመንጃ ንግግርም አለች። ሰውየው ከመጀመሪያውም የሚፈራ ሰው ነበር፣ ዩናይትድ የገዛው የእኛን ፍርሃት ነው ይላል። ሲሰሙት ያሳምናል። ቆይተው ሲያስቡት ግን ተናጋሪውን መልሶ ይወጋዋል። ድሮም ካወቅህ 11 ዓመት ምን ስትሠራ ነበር? ግንቦት 12 ብድግ ብለህ ያጨበጨብከው ለማን ነው? ይህ ወገን በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማል፤ ከወር በኋላ ግን ይሳሳል። የሚሳሳው በማስረጃ ተረትቶ አይደለም፤ ያ ሐሳብ ውሎ ሲያድር የገዛ ቤቱን ስለሚያፈርስበት ነው። ወጣትነቱን በሙሉ ለፈሪ ሰው አጨብጭቤ ጨረስኩ ብሎ ቢራውን በሰላም የሚጠጣ ደጋፊ እምብዛም አይገኝም።

ሁለተኛው ወገን «ያበላሹት እነሱ ናቸው» ይላል። ለእኔ ለእውነት የሚቀርበው ይሄኛው ነው። ሞይስ የተረከበው ሻምፒዮን ቡድን ነው፤ ግን ሪዮ ፈርዲናንድ፣ ኔማንያ ቪዲችና ፓትሪስ ኤቭራ ከ30 ተሻግረዋል፤ ሪያን ጊግስ በዚያው ዓመት 40 ሞላው። ከፈርጉሰን ጋር ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ጊልም ወጥቷል፤ የዝውውር ገበያውን የተረከበው ሰው ለገበያው እንግዳ ነበር። ከሞይስ በኋላ ሉዊ ቫን ኻል፣ ጆዜ ሞሪንሆ፣ ኦሌ ጉናር ሶልሻየርና ኤሪክ ቴን ሃግ በዚያው በር ገብተው በዚያው በር ተባረው ወጥተዋል። አንድ ቤት የገባ ሁሉ በጣሪያው ፍሳሽ የሚበሰብስ ከሆነ ጥፋቱ የተከራዩ ብቻ አይሆንም። ልብ ማለት የሚያሻው ግን ይህ ሐሳብ ኤቨርተኖች ዘንድ የበረታው እውነት ስለሆነ ብቻ አለመሆኑን ነው። ይመቻል። የእነሱ ቤት መጥፎ ከሆነ የእኛ ቤት ጥሩ ነበር፤ የእኛ ቤት ጥሩ ከነበረ 11ዱ ዓመት በከንቱ አልሄደም። እውነትና ምቾት አንድ ቤት ሲያድሩ ጠዋት ተሸክሞ የሚወጣው ምቾት ነው፤ እውነት ከኋላ ትከተላለች።

ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ይኸው ምቹ ሐሳብ በዚያው ዓመት አንድ የማይመች እንግዳ መጥቶበት ነበር። ሞይስን የተካው ሮቤርቶ ማርቲኔዝ በመጀመሪያ ዓመቱ ኤቨርተንን 72 ነጥብ አስቆጠረ፤ ክለቡ በፕሪሚየር ሊግ ዘመን ያገኘው ከፍተኛው ነው። ሞይስ አራተኛ በወጣበት ዓመት እንኳ ያገኘው 61 ነበር። በቀላል ሒሳብ፣ ሰውየው ሲሄድ ክለቡ ከተሻለው ሰውየው ሸክም ነበር ማለት ነው። ደጋፊው ግን ሒሳቡን አዙሮ ሠራው፦ ግብ ጠባቂው ቲም ሃዋርድ፣ ተከላካዮቹ ኮልማን፣ ጃጊየልካ፣ ዲስታንና ቤይንስ፣ ሁሉም ሞይስ ያመጣቸው ናቸው፤ ማርቲኔዝ በሞይስ ጎተራ ላይ ሉካኩንና ባሪን ጨመረ እንጂ ያረሰ ሌላ ነው። ሐሰት አይደለም። ግን ማርቲኔዝ በዚያው ዓመት ወድቆ ቢሆን ኖሮ ይኸው ደጋፊ ስለ ጎተራው ትንፍሽ አይልም ነበር፤ «ማርቲኔዝ ሰነፍ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ማስረጃው አንድ ነው፤ የሚጠራው የሚጠቅምበት ቀን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝን ቁጥር ላንሳ። ሞይስ በኤቨርተን ከ518 ጨዋታ 218ቱን አሸነፈ፤ ከመቶ 42 ነው። በዩናይትድ ከ51 ጨዋታ 27ቱን አሸነፈ፤ ከመቶ 53 ገደማ ነው። በመቶኛ ከታየ ሰውየው ከተባረረበት ቤት ይልቅ በተጨበጨበለት ቤት ብዙ ያላሸነፈ ሰው ነው። በኤቨርተን ቁና ሲሰፈር ሞልቶ የፈሰሰው እህል በዩናይትድ ጎተራ ወለሉን እንኳ አልሸፈነም። የተለወጠው መስፈሪያው ነው። ይህን የተረዳ ሰው «ጎበዝ ነው ወይስ ሰነፍ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ እንደማይቆም ያያል፤ መጠየቅ ያለበት «በማን ቁና?» ነው። በዚህ ክርክር ግን ይህ ጥያቄ ሲነሳ አይሰማም። ቢነሳ ሁለቱም ወገን ወደ ቤቱ ይሄድና መጠጥ ቤቱ ይከስራል።

አሁን «አጋነንክ፣ ይህ ሁሉ ተራ ምቀኝነት ነው፤ ጥሎህ የሄደ ሲወድቅ ደስ ይልሃል፣ አለቀ» የሚለኝ ይኖራል። አክስቲቱን ረስቼ አይደለም፤ «ይበለው» የምትለዋ ወገን በየመጠጥ ቤቱ አለች፤ ማጭድ የያዘውም ሰው የእሷው ልጅ ነው። ግን ምቀኝነት አጭር ዕድሜ ያለው ስሜት ነው። ጎረቤት ሲወድቅ ደስ የሚለው ሰው ደስታው እስከ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ነው፤ ለዓመታት እየተመላለሰ «ለመሆኑ ለምን ወደቀ?» ብሎ አይከራከርም። የኤቨርተን ክርክር ግን ከዚያ ፋሲካ በኋላ አሥር ዓመት ቆየ። በዚያ መካከል ክለቡ ማርቲኔዝን ጨምሮ ስምንት ቋሚ አሰልጣኝ ቀያየረ፤ ካርሎ አንቸሎቲን የሚያህል ሰው ገብቶ ወጣ። እያንዳንዱ ሲሄድ የሚነሳው ስም ያው ነው። ለምቀኝነት ይህ እጅግ ብዙ ድካም ነው።

«እሺ፣ ታዲያ ለምን የሙያ ክርክር አይሆንም? አሰልጣኙ በአዲስ ቤት ሲፈተን ስለ አሮጌው ቤት አዲስ ነገር እንማራለን እኮ» የሚለው ጠንከር ያለ ጥያቄ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። የፉልሃሙ ጨዋታ በእርግጥ አንድ ነገር አስተምሯል። ግን ክርክሩ የሙያ ቢሆን ኖሮ አንድ ስንብት በተለያየ ቤት ተቀራራቢ ፍርድ ባገኘ ነበር። የሞሪንሆን እንይ። ሚያዝያ 19 ቀን 2021 ቶተንሃም ለካራባኦ ካፕ ፍጻሜ ስድስት ቀን ሲቀረው አባረረው። በዚያ ጊዜ ሞሪንሆ ቢያንስ ሁለት የቀድሞ ቤቶች በእንግሊዝ አሉት። ሦስት የሊግ ዋንጫ ያነሳለት የቼልሲ ደጋፊ «ቶተንሃም ለእሱ አይመጥንም፤ የፍጻሜ ሰው በፍጻሜ ዋዜማ ይባረራል?» አለ። ሁለት ዋንጫና ብዙ ኩርፊያ የተረፈው የዩናይትድ ደጋፊ «አያችሁ? ችግሩ እኛ አልነበርንም» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ሁለቱን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛቸዋል፤ የሚያዩት ያው አንድ ዜና ነው። አንዱ ትዝታውን እየጠበቀ ነው፤ ሌላው ከጥፋተኝነት ነፃ እየወጣ ነው። ስለ ቶተንሃም አጨዋወት የሚያወራ ካለ ምናልባት ሒሳብ ሰብሳቢው ነው።

አግዳሚ ወንበሩን ካነሳሁ አይቀር፣ «የአዲስ አበባው ደጋፊ ጉዲሰንን በአካል አያውቀውም፤ ምን ዕድሜ አጠፋና ነው ስለ ዕድሜው የሚከራከረው?» የሚልም አይጠፋም። በሜዳው አልተገኘም፤ ግን ቅዳሜው የራሱ ነው። ከቤት በስንት ሰበብ የተወጣበት፣ ሰርግ የተቀረበት፣ በዝናብ የተመለሰበት ቅዳሜ ነው። ለዚያ ክለብ የከፈለው ትኬት ባይኖርም የከፈለው ሰዓት አለ፤ ሰዓት ደግሞ ከትኬት ይልቅ ተመላሽ የለውም። እንዲያውም ሜዳ የገባው ሰው ቢያንስ ሣሩን አይቷል፤ ይሄኛው ያለው ትዝታው ብቻ ነው፤ ስለዚህ አብልጦ ይጠብቃታል።

የሞይስ ስም በኤቨርተን ሰዎች ዘንድ ከዚያ በኋላ የተጓዘበት መንገድ ነገሩን ይብስ ያሳያል። በስፔን ሪያል ሶሲዳድ ሲያሰናብተው፣ በ2017 ከሰንደርላንድ ጋር ከሊጉ ሲወርድ፣ የ2009ኙ ፍጻሜ ትዝታ አብሮ ወረደ፤ «ዕድል ነበር፣ እሱ ምን አለበት» ተባለ። በሰኔ 2023 ፕራግ ላይ ጃሮድ ቦወን በ90ኛው ደቂቃ አግብቶ ዌስትሃም ፊዮሬንቲናን 2 ለ 1 ሲያሸንፍና ሞይስ የኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ፣ ያው የ2009 ፍጻሜ እንደገና ወጣ፤ «ለእኛም ያንን ሊያደርግልን ነበር» ተባለ። ያ ጨዋታ ከተጠናቀቀ 14 ዓመት ሆኖታል። ሳሃ ጎሉን ያገባው አሁንም በ25ኛው ሴኮንድ ነው፤ ቼልሲም አሁንም 2 ለ 1 አሸንፏል። በሌላ ክለብ በተገኘ ውጤት የሚወጣና የሚወርደው የደጋፊው ያለፈ ዘመን ነው፤ ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር አላውቅም።

ጥር 8 ቀን 2025 ዌስትሃም፣ ሞይስን የተካውን ሁለን ሎፔቴጊን አሰናበተ። ከሦስት ቀን በኋላ ሞይስ ራሱ ኤቨርተን ገባ፤ ከ11 ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በዚያው በር። ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ይሻል ነበር፤ 13ኛ አድርጎ ጨረሰው። በሊቨርፑል ከተማ የነበረው ክርክርም በዚያው ሰሞን ቀዘቀዘ፤ ማን እንደረታ ማንም አላወጀም። በዌስትሃም ሰፈር፣ ምሥራቅ ለንደን ላይ ግን «ድሮም ብለን ነበር» የሚለውና «ያበላሸነው እኛ ነን» የሚለው ገና ወንበር እየሳቡ ነበር። ግንቦት 18 ቀን 2025 ጉዲሰን ፓርክ ከ1892 ጀምሮ የቆየውን የኤቨርተን ወንዶች ቡድን ለመጨረሻ ጊዜ አስተናገደ። ሞይስ የዚያ ፋሲካ ማጭድ ከጀርባው በተያዘበት መስመር ላይ ቆሟል፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ኢሊማን ንዲያዬ ሁለት ጊዜ አገባ፤ ስታዲየሙ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሳውዝሃምፕተን በ2 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ፤ በሽኝቱ ቀን ዌስትሃም በወጣበት፣ በፋሲካው ቀን ዩናይትድ በወጣበት ውጤት።